መስኮት የማያስዘጋው ሾፌር

አንተነህን የሚያውቅ የመካነ ኢየሱስ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሁለት ነገር ይላል፤ ሾፌርነቱ ጥሩ ነው፣ በመስኮት ጉዳይ ግን ክፉ ነው። እኔ ደብረ ታቦር የታመመች እህት ስላለችኝ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ አብሬው እሄዳለሁና ሁለቱንም እመሰክራለሁ።

ነገሩ የመጣው ከቤንዚን ነው። ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ እየተለካ ሲቸበቸብ፣ አንተነህ አሮጌ ሚኒባሱን ደጁ ላይ አቁሞ የአማቱን ገብስ ሲያጭድ ከረመ። በመጨረሻ ቢቸግረው ባሕር ዳር ወሰዳትና ወጥ በምንሠራበት በሲሊንደሩ ጋዝ እንድትሄድ አድርጎ አሠራት። ቤንዚን የምትቀምሰው ለመነሳት ያህል ብቻ ነው። ሞተሯ ሲሞቅ አንተነህ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ይጫንና ወደ ጋዙ ያዞራታል። የጋዙ ታንከር ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው።

ሰው ፈራ። «በቦንብ ላይ ተቀምጦ ገበያ!» እያለ ይሳለቅበት ጀመር። አንድ ወር ሙሉ ከሚስቱ ከስንዱ በቀር ደፍሮ የተሳፈረለት አልነበረም፤ እሷም ብትሆን እያማተበች ነው። ከዚህ ጉድ ያወጡት የዜማው መምህር የኔታ ፊልጶስ ናቸው። አንድ ማክሰኞ መቋሚያቸውን ይዘው መጡና «ከቀኔ በፊት የሚገድለኝ የለም» ብለው የኋላው ወንበር ላይ ጉብ አሉ። የኔታ የተቀመጡበትን ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራል!

አንተነህም በበኩሉ ሁለት ሕግ አወጣ። ጠዋት ሳይነሳ ቱቦውን በሳሙና አረፋ ይፈትሻል፤ ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ አረፋው ኩፍ ይላል። መንገድ ላይ ደግሞ መስኮት አይዘጋም። «ጋዝ ካመለጠ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ የሸተተው ሰው ይጩህ» እያለ ተሳፋሪውን ሁሉ አስጠንቷል።

ጠቡ ታዲያ በመስኮቱ ነው። የእኛ አገር ሰው ከጋዝ ይልቅ ነፋስ ይፈራል። ሙቀት ቢገድለው ይሻለዋል እንጂ መስኮት ከፍቶ አይሄድም። አንዱ ሲዘጋ አንተነህ ቆሞ ሲያስከፍት፣ ደብረ ታቦር የምንደርሰው ተኮራርፈን ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ሞልተን ተነሳን። እኔ ጋቢና ነበርኩ። ከኋላ የኔታ፣ ከጎናቸው ደግሞ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱት እማማ ብርቄ ተቀምጠዋል። ዳገቱን ስንጀምር አንተነህ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። ወዲያው ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ! ክብሪት የሚጭር እንዳይኖር!»

ተጋፍተን ወረድን። እኔንም ሸቶኝ ነበር። አንተነህ ፊቱ አመድ መስሎ የኔታን አቅፎ አወረዳቸው። የታንከሩን መዝጊያ ጠረቀመና ሳሙናውን አረፋ እያደረገ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባው። እኛም ራቅ ብለን ቆመናል። ጋዙ አምልጦ ከሆነ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም እንደማይሳፈርለት እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። አረፋው አልተነፋም። ደገመው፤ ምንም የለም።

«አንተ ልጅ» አሉ የኔታ፣ «ሽታው እኮ መኪናዋን ትቶ ተከትሎን ወርዷል።»

እውነታቸውን ነው። ሁላችንም እያሸተትን ዞር ዞር ስንል ዓይናችን እማማ ብርቄ ላይ አረፈ። ከጉያቸው አንዲት ቋጠሮ አወጡ፤ ከፌጦ ጋር የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት።

«ታዲያ ምን ላድርግ! አንተ መስኮት አላስዘጋ ትላለህ። ነፋስ መትቶኝ ብተኛ አንተ ልታስታምመኝ ነው?»

ሳቃችንን ገደሉ አስተጋባው። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሳቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እንባዬ ወረደ፣ ሆዴ ቅልል አለኝ። አንተነህ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ እንጂ አልሳቀም።

«ዛሬ ጠዋት አልፈተሽሁም» አለ። «ቸኩዬ ነው። እውነት ሆኖ ቢሆን ፈጅቻችሁ ነበር።»

ማንም አልጠየቀውም እኮ! ዝም ቢል እያመሰገንነው እንገባ ነበር። እንጀራውን በገዛ አፉ ሲደፋ እያየሁ ተናደድሁበት። ሳቁ ቆመ። አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ የኔታ ያያል።

«አሁንስ ፈትሸሃል?» አሉ እማማ ብርቄ።

«ሁለት ጊዜ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ምን ትጎልተናለህ? አራሷ ትጠብቀኛለች፣ ንዳ!»

ቀድመው ገቡ። የኔታ ተከተሏቸው፣ ከዚያም ሁላችንም ገባን።