«ወርጃለሁ» ሳልል የወረድሁበት ምሰሶ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ከሌሊት ነው የሚጀምረው። ውሻው ይጮሃል፣ እናት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ ጨረቃዋም ትደበቃለች። እኔ ግን የወጣሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቡሬ እህል ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ሌሊቱ የመጣው ከእኔ በኋላ ነው፤ ያመጣሁትም እኔው ነኝ። ያን ሰሞን ሦስት ቀን በኩራዝ ራት የበላችሁ የቡሬ ሰዎች ይቅር በሉኝ። እውነቱን ልናገርና ለእናንተ ብዙም አላዘንሁም፤ መብራቱ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነበርና ኩራዛችሁን አልጣላችሁትም ነበር። አንጀቴን የሚበላኝ ሌላ ነው።

ለማያውቀኝ ልንገር። ይኄነው እባላለሁ፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። የመብራት መስመር ሠራተኛ ነበርሁ፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚቀጥል ማለት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ አያ ምትኩ ናቸው። አያ ምትኩ ቡሬ አጠገብ ከሚኖሩ የአገው ገበሬዎች ቤት ተወልደው፣ በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው፣ ኋላ ግን ምሰሶ ያማራቸው ሰው ነበሩ። የሚያስተምሩት በአማርኛ፣ የሚቆጡት በአገውኛ ነበር። አገውኛ ባልችልም ቁጣቸው ገብቶኝ ያውቃል።

ከፍኖተ ሰላም ዳር ሽቦ የሌለባቸው አምስት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች አስተክለው ነበር። እዚያ ነው የተማርነው። ጫማችን ላይ ጥርስ ያለው ብረት አስረን፣ ቀበቶውን ምሰሶው ላይ አዙረን፣ ጭናችን እስኪላጥ እንወጣለን እንወርዳለን። ከሁሉ የሚከብደው ሰው ማውረድ ነው። አሸዋ የሞላ ኬሻ ቱታ ያለብሱና ጫፍ ላይ ይሰቅሉታል። «መብራት የያዘው ወንድምህ ነው፤ ትንፋሹ ሳይቆረጥ አውርደው» ይሉሃል። ሰዓት ስላልነበረን ከታች ቆመው አባታችን ሆይ ይደግማሉ። ስድስት ጊዜ ደግመው ሳይጨርሱ ኬሻው መሬት መንካት አለበት። አንድ ቀን ካድሬው መጣና «ሥራ በጸሎት አይለካም፤ በመፈክር ቁጠሩ» አለ። አያ ምትኩ እጅ ነሥተው «እሺ ጓድ» አሉ። ግን መፈክሩ በየወሩ እየረዘመ ሄደ፤ «በዚህ ዓይነትስ ሰውየው ይሞትብናል» ብለው ወደ አባታችን ሆይ ተመለሱ። እኛም ኬሻውን፣ ካድሬው በሌለበት፣ ጓድ ኬሻ እያልን እንጠራው ጀመር።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ምሰሶ ላይ ከመውጣትህ በፊት ከትራንስፎርመሩ ሳጥን ሦስቱን ፊውዞች ትነቅላለህ። ነጭ ሸክላ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው መዳፍ ይሞላሉ። ኪስህ ትከታቸዋለህ። ፊውዙ አንተ ጋ እስካለ ድረስ በዚያ ሽቦ መብራት አይመጣም። «ነፍስ ለባልንጀራ በአደራ አይሰጥም፤ ኪስህ ያዘው» ይላሉ። ስትወርድ ደግሞ መሬት ረግጠህ፣ ጮኸህ፣ «ወርጃለሁ!» ብለህ ፊውዙን ለእሳቸው ታስረክባለህ። እስክትል ድረስ አልወረድህም። አንድ ጊዜ ረስቼ ወረድሁና ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ምሳዬን ስበላ መጡ። እግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው ባዶውን ምሰሶ እያዩ «ይኄነው! ወረድህ ወይ?» ብለው ተጣሩ። ጉርሻው አነቀኝ። «ወርጃለሁ አያ» ስል ነው ዝቅ ብለው ያዩኝ።

እንግዲህ ያ ቀን። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስሜን ለውትድርና ከሚሄዱት ዝርዝር ውስጥ እንዳስገባው ሰምቼ ነበር። ጦር ሜዳ የሄዱት የሰፈራችን ልጆች አልተመለሱም፤ የተመለሰው መርዷቸው ነው። የአክስቴ ልጅ አንለይ እህል ጭኖ ጎንደር የሚመላለስ ሾፌር ነበር። «ቁርጥ ሲሆን አለሁልህ» ብሎኛል። በዚያ ቀን እኔና አያ ምትኩ ለአብዮቱ በዓል መስመር እንድናስተካክል ቡሬ ተላክን። ከከተማዋ ብቸኛ ትራንስፎርመር ፊውዞቹን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ፤ እሳቸው የታችኛውን ሰፈር ምሰሶዎች ከመሬት ሊያዩ ሄዱ፣ እኔ ከገበያው ምሰሶ ላይ ወጣሁ።

ከላይ ሆኖ ሁሉ ይታያል። ሚሊሺያዎቹ ገበያውን ከሁለት ወገን ሲዘጉት አየሁ። ጎረምሳ ጎረምሳውን ከእህል ክምሩ መሀል እያወጡ ይሰበስባሉ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው የቀረው። የአንለይ መኪና ከምሰሶዬ አጠገብ ሞተሯን አስነሥታለች። ወረድሁ። ብረቱንና ቀበቶውን ከባዶ ጆንያዎች ሥር ወሸቅሁ። አያ ምትኩ ከሁለት መቶ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ከቤቶቹ ጀርባ ናቸው፤ ብጮኽ ይሰሙኛል። ግን ብጮኽ ሊቀ መንበሩም ይሰማኛል። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፣ እሱን ዋጥሁትና መኪናው ላይ ወጣሁ።

ኮሶበርን ካለፍን በኋላ ነው እጄን ኪሴ የከተትሁት። ሦስቱም እዚያው ናቸው። አንለይ አይቶ «ምንድን ነው?» አለኝ። «የቡሬ መብራት ነው» አልሁት። «ወርውረው!» አለኝ። አልወረወርሁትም።

የመተማን በረሃ ያቋረጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያላቋረጣችሁም አትወቁት። ድንበር ላይ አንድ የሱዳን ወታደር ፈተሸኝና ፊውዞቹን አገኘ። አገላብጦ አየ፣ አሸተተ፣ በመጨረሻም ላሰው። «ሚልህ?» አለኝ፤ ጨው ነው ወይ ማለቱ ነው። «አዎ፣ አሞሌ ነው» አልሁት በአማርኛ። ምራቁን እንትፍ ብሎ መለሰልኝ።

ካርቱም ላይ ሰባት ሆነን በአንዲት ክፍል ስንኖር፣ ከጅጋ የመጣ አንድ አዲስ ስደተኛ ተቀላቀለን። ጨዋታ አዋቂ ነው። አንድ ምሽት ያገሩን ወሬ ሲያወራ እንዲህ አለ፦

«ቡሬ ላይ አንድ እብድ ሽማግሌ ነበር አሉ፣ የመብራት ሠራተኛ። ለበዓሉ ማይክራፎኑ ተተክሎ፣ ባንዲራው ተሰቅሎ፣ መብራት የለም። አብራ ሲሉት ‹ፊውዙ ልጁ ኪስ ነው፣ ልጁ ገና ከላይ ነው› ይላል። በሽቦ ቀጥለህ አብራው ቢሉት ‹ሰው እያለበት አላበራም› ብሎ ሳጥኑ ፊት ቁጭ አለ። ሌሊቱን ሁሉ ባትሪ ይዞ ከምሰሶ ምሰሶ እየዞረ፣ ‹ወረድህ ወይ? ወረድህ ወይ?› እያለ ይጮህ ነበር አሉ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሠራተኛ ከማርቆስ አስመጥተው መብራቱን አበሩት፤ እሱን አሻጥር ሠርተሃል ብለው ወሰዱት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ወሬው ሲጀመር መሳቅ ጀምሬ ስለነበር አፌ አልዘጋ ብሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞኛል። አያ ምትኩ በእርግጥ ምሰሶ ላይ ያለሁ መስሏቸው ነው? ወይስ ገና የመጀመሪያው ምሽት ላይ መኮብለሌን ተረድተው፣ እኔን ከመንገድ እንዳያስይዙኝ ብለው ነው ልጁ ከላይ ነው ያሉት? ካመኑኝ አታለልኋቸው። ካወቁ ደግሞ ለእኔ ሲሉ ነው የታሰሩት። ሁለቱም ያቃጥለኛል። ከአፋቸው መስማት ፈለግሁ፤ ያቺን የዋጥኋትንም ቃል ልላቸው ፈለግሁ። በሕይወት ካሉ።

ከካርቱም የስደተኞች ድርጅት ስዊድን ወሰደኝ። ሰሜን ነው፣ ጥድ ብቻ ነው፣ በክረምት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመሻል። እኔ የሸሸሁበት ሰዓት እዚህ ጨለማ ነው። ክኔከብሮድ የሚሉት ደረቅ ቂጣ አላቸው፤ ድርቆሽ በሉት፣ ወጥ የማያውቅ ድርቆሽ። ሰው ሁሉ ዱ ይባባላል፤ ዱ ማለት አንተ ነው። ትንሹም ትልቁን አንተ፣ ሠራተኛውም አለቃውን አንተ። እኔን እስከ ዛሬ አፌን ይይዘኛል፤ አያ ምትኩን አንተ የምልበትን ቋንቋ መቼም አልለምደውም።

ሥራ አስቀጣሪው ቢሮ ሄድሁ። ሴትዮዋ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

«የሙያ ማስረጃ?»

«የለኝም።»

«የት ተማርህ?»

«አያ ምትኩ ጋ።»

«የትምህርት ቤቱ ስም ነው?»

አስተርጓሚው ሊያስረዳት ሲል ቀደምሁት። «አዎ ነው በላት።»

ጻፈችው። በፋይሌ ላይ እስከ ዛሬ ትምህርት ቤት በሚለው ፊት «አያ ምትኩ» ተብሎ ይነበባል። «ስንት ተማሪ አለው?» አለችኝ። «አሁን ዝግ ነው» አልኋት።

እንደ አዲስ ተማር ተብዬ ሥልጠና ገባሁ። ሜዳ ላይ ሽቦ የሌላቸው ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ የጥድ ናቸው እንጂ ልክ እንደኛው። ጫፍ ላይ ቱታ የለበሰ የጎማ ሰው ተሰቅሏል። አሠልጣኙ ላርስ ይባላል፣ ጢሙ ላይ በረዶ የሚጋገርበት ደግ ሰው ነው። ሰዓቱን ይዞ «በአራት ደቂቃ አውርደው» አለኝ። ወጣሁ፣ ገመዱን ከብብቱ ሥር አሳለፍሁ፣ አወረድሁት። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ «ምን ታወራለህ?» አለኝ። «እየቆጠርሁ ነው» አልሁት። ስድስተኛውን አባታችን ሆይ አልጨረስሁም ነበር። ሰዓቱን አይቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ገባን። ለያንዳንዳችን ስማችን የተጻፈበት ቀይ ቁልፍ ተሰጠን። ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ማብሪያውን በገዛ ቁልፉ ይቆልፈዋል፣ መክፈቻውን ኪሱ ይከታል። አያ ምትኩ ያለ ቁልፍ ያስተማሩኝ ነው። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ጠየቀ፦ «ሠራተኛው ረስቶ መክፈቻውን ይዞ ቤቱ ቢሄድስ?»

ላርስ አልሳቀም። «አናበራም። ስልክ እንደውላለን፣ ቤቱ እንሄዳለን፣ ምሰሶውን ሁሉ ዞረን እናያለን። ወርጃለሁ ብሎ ራሱ እስኪነግረን ድረስ ለእኛ ከላይ ነው። ከተማው ጨለማ ውስጥ ቢያድርም ይደር። ይህን ያላደረገ አለቃ ይታሰራል።»

እንባዬ እንዴት እንደመጣ አላውቅም። ላርስ ብርድ የመታኝ መስሎት ካፖርቱን አውልቆ ደረበልኝ። እዚህ ይህን የማያደርግ ይታሰራል፤ እኛ አገር ያደረገው ታሰረ። ይህን በስዊድንኛ የምናገርበት አቅም አልነበረኝም።

በዓመቱ ከአንለይ ደብዳቤ መጣ። በጥንቃቄ ነው የጻፈው፦ «አያ ከታመሙበት ተነሥተው ቤታቸው ገብተዋል።» ሕመም ያለው እስሩን ነው። ደብዳቤውን እንዳነበብሁ ፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት ጥሪ አስያዝሁ። ሁለት ሳምንት ቆየ። ቀኑ ሲደርስ የቤት አከራዬ ኮሪደር ላይ ካለው ስልክ ሥር ተቀመጥሁ፣ ፊውዞቹን ጭኔ ላይ አደረግሁ። አከራዬ ኢንግሪድ የምትባል ባልቴት ናት። «ጮክ ብለህ አታውራ፣ ጎረቤት አለ» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

የአዲስ አበባዋ ኦፐሬተር «ሦስት ደቂቃ ነው» አለች። እንደምትሰማን አውቃለሁ። ከዚያ የአያ ምትኩ ባለቤት የእትዬ አለሚቱ ድምፅ መጣ።

«ማን ልበል?»

«ልጅዎት ነኝ እትዬ።»

«የትኛው ልጄ?»

«ምሰሶ ላይ የቀረው።»

  «አለህ?» አሉ። «አለህ የኔ ጌታ? ትበላለህ? ብርዱ አይጎዳህም?»

«ደኅና ነኝ። አያስ?»

«ከጎኔ ናቸው። ግን ስማኝ ልጄ፣ ጆሯቸው የለም። ከታመሙበት ቦታ ጆሯቸውን ትተውት ነው የወጡ። አፋቸው ግን ደኅና ነው። ላቅርብልህና ድምፃቸውን ስማ።»

ስልኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ፣ ከታች ቆመው ወደ ላይ እንደሚጣሩት አድርገው፣ «ይኄነው!» አሉ። «ወረድህ ወይ?»

«ወርጃለሁ አያ!»

ጠበቁ። እንደ ዱሮው፣ መልስ እስኪመጣ ድረስ ጠበቁ።

«ወረድህ ወይ?»

«ወርጃለሁ! አያ፣ ወርጃለሁ!» ኢንግሪድ በሯን ከፍታ ወጣች። ልትቆጣ ነበር መሰለኝ፤ ፊቴን አይታ እዚያው ቆመች።

«ይኄነው! ወረድህ ወይ?»

እትዬ አለሚቱ ስልኩን ተቀበሏቸው። ከኋላቸው አሁንም ሲጣሩ ይሰማኛል። «አሁንስ አደከሙህ» አሉኝ። «ከታመሙ ጀምሮ ይኸንኑ ነው የሚሉ። ምን ልበላቸው? በእጄ ምልክት እነግራቸዋለሁ።»

«ወርዷል በሏቸው እትዬ። ወርዷል ብቻ ይበሉልኝ።»

«ከየት ወረደ ልበላቸው?» አሉኝ።

አፌን ስከፍት ኦፐሬተሯ ሦስት ደቂቃው አለቀ ብላ ቆረጠችው።