ዱቄት የተነሰነሰበት ሻጋታ

ባለፈው ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቦንጋ ውስጥ በተሰጠ የዶሮ እርባታ ሥልጠና፣ ጋሽ ተካልኝ የዛሬ ሃያ ዓመቱን የዶሮ እልቂት «የሴቶቹ ዝርክርክነት ያመጣው ነው» ብለው አስተማሩ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ እርሳቸው አለቃዬ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ።

የከፋ አገር ዝናብ ሲጀምር እንጂ ሲያበቃ አይታወቅም። የአገሩ ሴቶች ይህን ስለሚያውቁ በቆሏቸውን ሳይፈለፍሉ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ይደረድሩታል። ጭሱ ያጠቁረዋል፤ ሻጋታ ግን አያስደፍረውም። ጋሽ ተካልኝ ልማዱን ይጸየፉት ነበር። «የፈረንጅ ዶሮ ጥላሸት አይበላም» ብለው የዶሮ አርቢዎች ማኅበሩን ሴቶች በቆሎ ከየቆጡ አስወረዱና፣ እርጥበቱ ሳይወጣለት አስፈልፍለው በቆርቆሮ መጋዘን አከማቹት። በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ጆንያ ፈትቼ እጄን ብሰድ እህሉ እንደ ትኩሳተኛ ገላ ይፋጃል። አረንጓዴ ብናኝ ፊቴ ላይ ቦነነ። ሽታውን ዛሬም ከጉሮሮዬ አላወጣሁትም።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ግራጫ ዱቄት መጣ። ከመኖ ጋር ሲደባለቅ የሻጋታን መርዝ በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ይዞ ከኩሷ ጋር ያስወጣል። የሚይዘው ግን ጥቂቱን ነው፤ የበሰበሰ እህል አያድንም። ይህ በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነበር።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ይህ በቆሎ መጣል አለበት» አልኩ።

«ታዲያ ዱቄቱ የመጣው ለጌጥ ነው? ሚክስ አድርጊና አድይ! ሪፖርት ይጠበቅብናል።»

ደባለቅሁ፤ አደልሁም።

እትዬ አስካለ፣ በአርባ ዶሮ እንቁላል ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ መበለት፣ ከመኖው ዘግነው አሸተቱ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን እኮ ለውሻም አልሰጠው።»

«መድኃኒት ገብቶበታል፣ እትዬ።»

«መድኃኒት ከገባማ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ። እኛ የምናውቀው ጭስ ነው።»

ዶሮዎቹ መጀመሪያ እንቁላል ነሡ፤ ከዚያ ክንፋቸው ተንጠለጠለ። አንዷን ስከፍታት ጉበቷ እንደ ከረመ ቅቤ ቢጫ ነበር፤ ስነካው ፈረሰ። ወሩ ሳያልቅ አርባውም አለቁ። እትዬ አስካለ አላለቀሱም። «በዚህ ዕድሜዬ የሰው ጓዳ ልገባ ነው» አሉና ቢታ ገነት ከተማ ዘመድ ቤት ሊያገለግሉ ሄዱ።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ልነግር ቤታቸው ሄድሁ። የራሳቸው ዶሮዎች ወፍረው ግቢውን ይጭራሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ወጡ፤ ጭስ ያጠቆረውን በቆሎ እዚያው እየፈለፈሉ በተኑላቸው። ጋሽ ተካልኝ ማየቴን አዩ።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ሻይ ጠጪ» አሉኝ።

ጠጣሁ።

ዱቄቱን አልከስም፤ ከደህና መኖ ጋር፣ በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፤ ዛሬም ለገበሬዎች እመክረዋለሁ። የምጸየፈው ብልሹነትን እንዲሸፍን መደረጉን ነው። ከዚያም ይልቅ ያን ሻይ መጠጣቴን፤ ሃያ ዓመት ዝም ያልሁት ከዚያች ብርጭቆ ጀምሮ ነውና።

ጋሽ ተካልኝ፣ እትዬ አስካለን ዝርክርክ ብለዋቸዋል። እንግዲህ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ይመልሱልኝ፦ መጋዘን ሙሉ መኖ በእጅዎ እያለ፣ ለራስዎ ዶሮዎች ስለ ምን ከቆጥ አወረዱላቸው?