እናቴ ለቅሶ የተከለከለችበት እሑድ

የተጀመረው እሑድ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ከፌርፋክስ አቬኑ ገባ ብሎ፣ እኔና እናቴ የምንኖርበት ሕንፃ በር ላይ ቆሜ ሰው እጠብቅ ነበር። እናቴ ፎቅ ላይ ተኝታለች። ወንድሟ ደሴ ላይ መሞቱን እኔ ከረቡዕ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ፌርፋክስ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ላላቸው ለእናቴ ጓደኛ፣ ለእትዬ፣ ስነግራቸው፣ "እስከ እሑድ ቻይው። አሁን ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ መርዶ ብቻዋን አትሰማም" አሉኝ። ቻልኩት። አብሬያት እራት በላሁ። "ወንድሜ ደብዳቤ አዘገየብኝ" ስትለኝም "ፖስታ ቤቱ ነው" አልኳት።

መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ወዳጅ ዘመድ ከብቦት። ይህን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ጥቁር የለበሰ ሰው ጎህ ሳይቀድ አንድ በር ላይ ሲሰበሰብ ለዚህ አገር ሰው ምን እንደሚመስል ግን አንዳችንም አላሰብንም።

ታክሲ የሚነዱት ጋሼ ከአዳር ሥራቸው በቀጥታ መጡ። ሌሎቹ ከከተማው ዳርና ዳር፣ ከፓልምስና ከግሌንዴል፣ መኪና ያለው የሌለውን እየጫነ፤ ከበርባንክ ደግሞ ሙስሊሞቹ ወሎዬ ባልና ሚስት። የሟቹን ሰፈር ያውቁታል።

"ታክሲዋን ማቆም የተከለከለበት ቀይ መስመር ላይ ፓርክ አድርጌያታለሁ" አሉ ጋሼ በሹክሹክታ። "ቶው አድርገው ጎትተው ከወሰዱብኝ ሁለተኛ ለቅሶ ትቀመጣላችሁ።"

"አንቱ ደግሞ! ለመርዶ መጥተው ይቀልዳሉ?" አሉ እትዬ። ግን እሳቸውም ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነከሱ።

ፎቅ ወጥተን በሩን ስከፍት፣ እናቴ ያን ሁሉ ሰው በሩ ላይ ስታይ ሳይነገራት ገባት። "ማንን ነው? ማንን?" አለች። ጋሼ ነገሯት። "ወንድሜን!" ብላ ጮኸች። ደረቷን ልትደቃ ስትል ሁለት ሴቶች እጇን ያዟት። ቤቱ በሙሉ አብሯት ጮኸ። እኔ ከረቡዕ ጀምሮ ያፈንኩት ገና ሊወጣልኝ ሲል በሩ ተደበደበ።

ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፤ ከኋላቸው የሕንፃው ማናጀር፣ በቢጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ። አንደኛው ፖሊስ እጁን ሽጉጡ ላይ እንዳደረገ እናቴን አያት። ከዚያ የሌላ እጁን ጣት ከንፈሩ ላይ አደረገ።

እናቴ ወዲያው ዝም አለች።

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። እንዴት ዝም እንደሚባል ታውቅበት ነበር። አዲስ አበባ ታላቅ ወንድሜ የተገደለ ዕለት የቀበሌ ጠባቂዎች ደጃችን ላይ ቆመው ድምፅ እንዳይሰማ ብለዋታል። ልጅ ነበርኩ፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከዚያ ሸሽተን፣ በሱዳን በኩል ዞረን እዚህ ደረስን፤ እዚህም መሣሪያ የታጠቀ ሰው በሯ ላይ ቆሞ ዝም በይ አላት። እሷም ያንኑ ነጠላ ወደ አፏ ወሰደች።

ከእኛ በላይ የሚኖረው ነጭ ልጅ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፓርቲ አለው። ጣራችን ይንቀጠቀጣል፤ የቢራ ጠርሙስ ደረጃው ላይ ይሰበራል። ፖሊስ የጠራበት የለም።

"እዚህ የማይኖር ሁሉ አሁኑኑ ይውጣ" አለ ማናጀሩ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ሐኪም ቤትም ኢሚግሬሽንም የሰው ሁሉ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። "ልጄ፣ ይቅርታ በያቸውና ቀስ ብለን እንውጣ። የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው አለ፤ ሶ፣ ነገር አናብዛ።"

ዓይን አፋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስማር ክፍል ውስጥ እጄን ማንሳቴ ትዝ አይለኝም። የሰው ቃል ሳስተረጉም ደግሞ ሁልጊዜ አለሳልሼ ነው። ያን ጠዋት ግን በእንግሊዝኛ፣ "ወንድሟ መሞቱን አሁን ነው የሰማችው። እነዚህ ቤተሰቦቿ ናቸው። አይወጡም" አልኩ።

ፖሊሱ ጋሼን አየ፤ እትዬን አየ፤ ሻሽ የተከናነቡትን ወሎዬ ሴት አየ። "ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ምን አልሽው?" አሉኝ ጋሼ።

"ይቅርታ ነው ያልኩት።"

ፖሊሶቹ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ብቻ ብለው ሄዱ። ማናጀሩ ቀረና ነገም ሰው ከተሰበሰበ ቤቱን እንደሚያስለቅቀን ነገረኝ። ይህን ለማንም አላስተረጎምኩም፤ እናቴ ግን ከፊቱ አነበበችው።

ቀኑን ሙሉ የተቀመጥነው ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ሰው ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ሌባ በጣቱ እየሄደ ገባ። እትዬ ፎጣ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ወሎዬው ዱዓ ሲያደርጉ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ግድግዳ ግድግዳ ታያለች፤ እንባ የላትም። ተናደድኩ፤ በማናጀሩ ብቻ ሳይሆን በእኛም። ሳንከሰስ ይቅርታ የምንለው እስከ መቼ ነው?

ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካዊት ሴትዮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በድስት ዶሮ ይዘው መጡ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ።

"ጩኸቱን ስሰማ ሰው እንደሞተባችሁ አወቅሁ" አሉ። "እንዲህ ያለውን ጩኸት የማያውቅ የለም። ማናጀሩም አውቋል፣ የኔ ልጅ። አውቆ ነው ፖሊስ የጠራው። ለምን ዝም አላችሁ?"

ድስቱን ተቀበልኳቸው።

ሲመሻሽ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "ነገ አትምጡ በያቸው። ቤቱን ከለቀቅን የት እንገባለን?" አለች። ነጠላዋን እያየች፣ "እዚህም?" አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ለጋሼ ደወልኩ። ሥራ የሌለው ሁሉ እንዲመጣ፣ ጫማም ማንም እንዳያወልቅ ነገርኳቸው። "ማናጀሩስ?" አሉኝ። "እሱን ለእኔ ተዉት" አልኩ። ወርጄ የማናጀሩን በር አንኳኳሁ። ዛሬም ነገም ሰው እንደሚመጣ፣ እናቴም እንደምታለቅስ፣ ማስለቀቂያውን ከጻፈ ለእኔ እንዲሰጠኝ ነገርኩት። መልሱን አልጠበቅኩም። ወደ ላይ ወጣሁ፤ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ እናቴ ፊት ቆምኩና፣ በሕይወቴ ጮክ ብዬ የማላውቀው ሴት፣ "አጎቴን!" ብዬ ለቅሶውን ጀመርኩ።