ሲላላ ነው ሲጠብቅ?

ባለፈው ሳምንት ከመሪ ሰፈር ወደ ሾላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች አንድ አሰልጣኝ ከጨዋታ በኋላ ስለተናገረው ነገር ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ከስልኩ ላይ የአሰልጣኙን ቃል ያነባል። ሁለተኛው፣ እንደዚያ ለማለት ፈልጎ አይደለም፣ አንተ ሆን ብለህ ነው የምታጣምመው ይለዋል። የትኛውን ቡድን እንደሚደግፉ እስካሁን አላወቅሁም። ክርክራቸው ግን ያዘኝና የመንገዱን መጨናነቅ እንኳ ረሳሁት።

እኔ ድሮም ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚከብደኝ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው እስኪል እጠብቃለሁ። የሚል ከጠፋ ደግሞ አልፌ እወርድና በእግሬ እመለሳለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ግን ይህ ችግር አልነበረብኝም፤ ጓደኛዬ ቦንቱ ነበረችኛ። መውረጃችን ሲቃረብ ዞር ብላ ታየኝና በሁለታችን ስም «ወራጅ!» ትላለች። ረዳቶቹ ድምፅዋን ለይተው ያውቁት ነበር።

ቦንቱ የኮሌጃችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አቀባይ ነበረች። የተወለደችው እዚያው መሪ ነው። አባቷ ዛሬ የእኛ ኮንዶሚኒየም በቆመበት አካባቢ ጤፍ ያርሱ እንደነበር ሲያወሩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መስኮታችንን በጣታቸው እያሳዩ ነው። ቤታቸው ውስጥ አንድ ወሬ በኦሮምኛ ይጀመርና በአማርኛ ያልቃል፤ ወይም በተቃራኒው። እኔ ደግሞ ደጋፊ ነበርኩ፤ ያውም የማይጮህ ደጋፊ። ሌሎቹ ከበሮ ሲመቱና ሲዘሉ እኔ ቦርሳቸውንና ጃኬታቸውን ታቅፌ እቀመጣለሁ። ለዚህ ሥራዬ የቡድኑ ልጆች «ዕቃ ግምጃ ቤት» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር።

አሰልጣኙ ኮች ደምሴ ይባላሉ። ወጣት ሳሉ እግር ኳስ ተጫዋች ስለነበሩ አነጋገራቸው ከሜዳው ጋር አልተቀየረም። ሌላው አሰልጣኝ «ወርውሪ» ወይም «ሹት አድርጊ» በሚልበት ቦታ እሳቸው «ምቺ!» ነው የሚሉት። አዲስ የገባች ተጫዋች የመጀመሪያ ቀን ይህን ስትሰማ ማንን እንደምትመታ ግራ ገብቷት ትቆማለች፣ ነባሮቹም ይስቁባታል።

ነገሩ የሆነው ኅዳር ውስጥ ነው፤ ጠዋቱ የሚያንቀጠቅጥ፣ ቀትሩ ደግሞ አናት የሚበሳበት ጊዜ። ከሌላ ኮሌጅ ጋር በሲሚንቶው ሜዳችን ላይ ስንጫወት መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ተበልጠን ነበር። ኳሷ ቦንቱ እጅ ገባች። ሁለት ተከላካዮችን አልፋ ቅርጫቱ ሥር ደረሰች። እንደ እኔ ዓይን ከሆነ ክንዷን ተመትታለች። ዳኛው ግን ፊሽካውን አልነፋም። እሷም ከመወርወር ይልቅ ኳሷን ለሌላ ልጅ አቀበለች፤ ኳሷም ከልጅቷ እጅ አምልጣ ወጣች። ተሸነፍን።

ናታን የሚባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የደጋፊዎቹን የቴሌግራም ቻናል ይመራ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ሁልጊዜ ኮችን ጠጋ ብሎ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃቸውና መልሳቸውን እዚያው ቆሞ ይጽፋል። የዚያን ቀን የተጋጣሚያችን ደጋፊዎች ከበሮ እየደበደቡ በመካከላቸው ሲያልፉ፣ ናታን አንገቱን ወደ ኮች አስግጎ ሲያዳምጥ ከሩቅ አይቻለሁ። እኔና ቦንቱ ሾላ ደርሰን ታክሲ ስንጠብቅ ስልካችን ጮኸ። እንዲህ ይላል፦ «ኮች ደምሴ ስለ መጨረሻዋ ኳስ፦ ቦንቱ አትመታም።»

ቦንቱ አንብባ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ያን ቀን «ወራጅ» ያለው ሌላ ተሳፋሪ ነበር።

አማርኛ ያነበበ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ቃሉ ላልቶ ከተነበበ ቦንቱ ኳስ አትመታም፣ ማለትም ፈሪ ናት፣ በእሷ ምክንያት ተሸነፍን ማለት ነው። ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ ቦንቱን የሚመታት የለም፣ ማንም አያሸንፋትም ማለት ነው። ፊደሉ ግን ያው ነው። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አስተማሪዎቻችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሲጠብቅ» እና «ሲላላ» እያሉ ያስተማሩን ነገር፣ በአንዲት ልጅ ላይ ሲወድቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ደጋፊዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን፣ አሰልጣኝ ተጫዋቹን በአደባባይ አይሰድብም፣ ስለዚህ ይጠብቃል አለ። ሌላው፣ ኮች እኮ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ «ምቺ፣ ምቺ» እያሉ ነው የሚጮሁባት፣ ስለዚህ ይላላል አለ። ሕግ የሚያጠና አንድ ልጅ ደግሞ፣ ቃሉ የሚጠብቅ ቢሆንም ስለ ማሸነፍ አይደለም፣ ክንዷን መመታት አልነበረባትም ብለው ለዳኛው የተናገሩት ነው ሲል ሦስተኛ መንገድ ከፈተ። መጥበቁን ለማሳየት «አትመትታም» ብለው የጻፉ ነበሩ። በድምፅ መልእክት እያጠበቁና እያላሉ የላኩም ነበሩ፤ በማግስቱ ጠዋት ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት እርጥብ የሚባለው ዳቦ በድንች ከሚሸጥበት ቤት ስገባ፣ ያንን ድምፅ ከፍተው ድንች እያኘኩ የሚስቁ ልጆች አገኘሁ። አንዱ፣ ቦንቱ እኮ ኳሷን የያዘቻት የሰው አደራ ይመስል ነው አለ። ሳቁ። በእርግጥ ቀልዱ ጥሩ ነበር። ግን እርጥቤን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ናታንን ፈልጌ አገኘሁት። እኔ ሄጄ ወንድ ልጅ ማናገሬ እሱንም ሳያስገርመው አልቀረም። ኮች እንዴት ብለው እንደተናገሩት ጠየቅሁት። አልቀዳውም ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ አለውና ራሱን ነቀነቀ።

«ሙች፣ ሁለቱንም የሰማሁ ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

ዛሬ ሳስበው ከዚህ የበለጠ እውነት ሊነግረኝ አይችልም ነበር። ያኔ ግን የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ትቼው ሄድኩ።

ቦንቱ በበኩሏ ማልያዋን አጥባ፣ አጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ቅዳሜ ቡድኑ እንጦጦ ላይ ለሩጫ ሲሰበሰብ ማልያውን መልሳ ከቡድኑ ልትወጣ ወስናለች። ኮችን ለምን አትጠይቂያቸውም አልኳት። እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃቸው አለች፤ ታላቅ ሰውን «ሰድበውኛል ወይ?» ይባላል? ቀጥላ የተናገረችውን መቼም አልረሳውም።

«በኦሮምኛ ብለውት ቢሆን እኮ የጠበቀው ፊደል ሲጻፍ ይደገማል። ማንም አይከራከርም፣ እኔም ተኝቼ አድር ነበር።»

ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። ታክሲ ቀያይረን ፈረንሳይ ሰፈር ደረስንና ከዚያ በእግራችን ሽቅብ ወጣን። ውርጩ ገና ሳሩ ላይ ነበር። የባሕር ዛፉ ልጥ እየተላጠ መንገዱ ላይ ወድቆ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል፤ ሽታው አፍንጫን ከፈት ያደርጋል። ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ሲመጡ ዳር ይዘን እናሳልፋቸዋለን። ቦንቱ ከወትሮዋ በተለየ ከኋላዬ ነበር የምትራመደው። ቆሎ አውጥቼ ብሰጣት ተቀብላ በእጇ ጨብጣው ቀረች። እኔን ግን፣ ከልብ ካወራሁ አይቀር፣ ከሐዘኑ ይልቅ ማወቅ መፈለጉ ነበር የሚገፋኝ። የኮች አፍ ያንን ቃል ሲል «ታ»ዋን ጫን ብሏታል ወይስ አልፏታል? ሌሊቱን ሁሉ ቃሉን በሐሳቤ በእሳቸው ድምፅ ስደጋግመው ነበር ያደርኩት።

ኮች ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ልጆቹን ያሟሙቁ ነበር። ቦንቱ ጠጋ ብላ ማልያውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።  እሳቸው ግን አልተቀበሉም፤ አንዴ ማልያውን፣ አንዴ እሷን ያያሉ። ልጆቹ መዝለሉን አቆሙ። የሚናገር ሰው ጠፋ። ታክሲ ውስጥ መውረጃዬ ሲያልፈኝ የሚሰማኝ ስሜት ሽቅብ መጣብኝና ሳላስበው ድምፄ ወጣ።

«ኮች፣ ሲላላ ነው ሲጠብቅ?»

«ምኑ?» አሉ።

«አትመታም ያሉት።»

ኮች ቴሌግራም አይከፍቱም ነበር። ስልኬን ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ የት አለ ሌላው አሉ። የቱ ሌላው ስንላቸው፣ ናታን የተባለው ልጅ ግማሹን በልቶታል አሉና ያን ቀን የተናገሩትን ደገሙት።

«እኔ ያልኩት፣ ቦንቱ አትመታም፣ ከመታች አትመታም ነው።»

የመጀመሪያውን አላልተው አሉት። ሁለተኛውን አጠበቁት፤ በጣም አጠበቁት። ለካ ናታን በዚያ ሁሉ ከበሮ መሐል አንድን ቃል ሁለቴ የደገሙ መስሎት አንዱን ትቶታል።

የቡድኑ ልጆች ቃሉን እየተቀባበሉ ሳቁ። ቦንቱ አልሳቀችም። የሚጠብቀውን ስትመኝ ቆይታ የሚላላውም አብሮ መጥቶባታል፤ ፊቷ ላይ ሁለቱም ተራ በተራ ሲያልፉ አየሁ። ኮች ግን አልራሩላትም። አትመቺም አልኩ እንጂ አትችይም አላልኩም፣ አሁን እሱን ጨርቅ ልበሺውና ሩጪ አሏት። ማልያውን በሹራቧ ላይ ደርባ ለበሰችውና ሮጠች። እጇ ውስጥ የቀረውን ቆሎ ለእኔ መልሳልኝ ነበር፤ በላብ ርሶ ነበር፣ በላሁት።

በሚቀጥለው ጨዋታ የመታቻት የመጀመሪያ ኳስ የቅርጫቱን ብረት ነክታ ወጣች። ሁለተኛዋም አልገባችም። ያን ጊዜ ከደጋፊው መሐል አንዱ «ይጥበቅ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ከበሮውን አስከትለው ተቀበሉት። ተጋጣሚዎቻችን ስለ መከላከል የምናወራ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ግራ ገብቷቸው ይተያዩ ነበር። ሦስተኛዋ ገባች። እኔም የታቀፍኩትን ጃኬት ሁሉ ጥዬ ተነሣሁ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ኮች ያንን ሁለተኛ ቃል በእርግጥ ሜዳው ላይ ብለውት ነበር? ወይስ እንጦጦ ላይ፣ ያቺ ልጅ ማልያ ዘርግታ ስትቆም አይተው፣ እዚያው የጨመሩት ነው? ናታን ሁለቱንም የሰማሁ ይመስለኛል ብሎኛል። ናታን ግን ያኔ ብዙ ነገር ይመስለው ነበር። ባለፈው ዓመት ቦንቱን አግኝቻት ይህንኑ ስነግራት፣ እሷ ጠይቃ እንደማታውቅና ለመጠየቅም እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ዛሬ መሪ አካባቢ ልጆች ታሠለጥናለች። «ምቺ» ነው የምትላቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ክርክራቸው ጦፎ ነበር። ዘወር ብዬ፣ የሰውዬውን ድምፅ ሰምታችሁታል ወይስ አንብባችሁት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ስልኩን የያዘው ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንብበን ነው አለ። የሾላ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ በመስኮቱ ገብቶ ሸተተኝ፤ መውረጃዬ ደርሷል። ሌላ ሰው እንዲል ጠበቅሁ። ማንም አላለም።

«ወራጅ አለ» አልኩ፤ አጥብቄ።