ባለቤት የሌለው ግሥ

መጀመሪያ ያየሁት ቡናማ ነጠብጣብ ነው። በጣም ትንሽ ነበር። ተማሪዎች ለዕረፍት ወጥተው ሲንጫጩ እኔ በመምህራን መጸዳጃ ቤት ቆሜ አየሁት፤ «ምንም አይደለም» አልኩና እጄን ታጥቤ ወደ ክፍል ተመለስኩ።

ሆሳዕና ውስጥ የሰባተኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ነኝ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ እንደ እኔው ቤታቸው ሀዲይኛ ይናገራሉ። አማርኛን ከትምህርት ቤት ስላገኘነው ሰዋስዉን በጥንቃቄ ነው የያዝነው፤ እኔ በዚህ እኮራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ የደረሰብኝ ነገር በአንዲት ፊደል ላይ የሚዞር ስለሆነ ነው።

እርጉዝ መሆኔን ከእኔና ከባሌ ከኤርምያስ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ሆድ ሳይገፋ ማውራት ደስ አይለንም ነበር። ነጠብጣቡን ከማየቴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ዶዮገና ሄደን ነበር፤ በአማቴ፣ በኤርምያስ እናት ጓሮ እንሰት የሚፋቅበት ቀን ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ፦ የእንሰቱ ግንድ ተላጦ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይደረጋል፤ ሴቷ ተቀምጣ በአንድ እግሯ ደግፋ ይዛ በቀርከሃ ትፍቀዋለች። ከዚያ ነው ቆጮውም ቡላውም የሚገኘው። ከባድ ሥራ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ እየተጫወተ ነው የሚሠራው።

«መምህርት፣ ይሄ ጠመኔ አይደለም!» አለችኝ አንዷ ጎረቤት፣ እንድሰማት ብላ በአማርኛ።

«ደመወዟን ይዛ ትቀመጥ፣ እኛ እንፍቅላት» አለች ሌላዋ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ፋቅሁ። አማቴ በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር ጎረቤቶቻቸውን እያዩ፣ «አያችሁ? የእኔ ምራት ናት» ይሉ ነበር። እኔም ኮራሁ። ማታ ኤርምያስ በሞተሩ አፈናጦኝ ወደ ሆሳዕና ተመለስን።

ከነጠብጣቡ ማግስት ቀይ ደም መጣ። ከዚያ ቁርጠት። ወገቤን ይዞ ወደ ታች ይጎትታል። ከዚያ የረጋ ደም። ኤርምያስ ባጃጅ አመጣ።

ዶክተሯ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዴ ላይ አሳረፈች። ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች። ብዙ ቆየች።

«የልብ ምት የለም» አለች። «አዝናለሁ።»

ምንም አልጠየቅኳትም። ጥያቄ የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን አለቀብኝ።

የሆነውን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለእናንተ ግን አሁን ልንገራችሁ። ፅንሱ ከውስጥ መውጣት ጀምሮ ጨርሶ ካልወጣ «ያልተሟላ ውርጃ» ይባላል። ሐኪሞች «ውርጃ» የሚሉት ሴቷ ፈልጋ ያደረገችውንም ሳትፈልግ የደረሰባትንም ነው፤ ቃሉን ስትሰሙ አትደንግጡ። እኔ ደንግጫለሁ። የቀረውን ኤምቪኤ በሚባል በእጅ በሚሠራ መሣሪያ አጸዱልኝ። የደም ዓይነቴን አዩ፤ አርኤች ኔጋቲቭ የሆነች ሴት መርፌ ሊያስፈልጋት ይችላል፣ እኔ ፖዘቲቭ ነበርኩ። ሄሞግሎቢኔ ወርዶ ስለነበር የአይረን ኪኒን ሰጡኝ። «ብዙ ደም ቢፈስሽ፣ ቢያተኩስሽ፣ መጥፎ ሽታ ቢኖረው ቶሎ ነይ» አለችኝ ዶክተሯ። ራሴን ነቀነቅሁ። ወጣን።

ኤርምያስ ማታውኑ ነግሯቸው ኖሮ በነጋታው አማቴ ደወሉ። እሳቸው ከምባትኛ ተናጋሪ ናቸው፣ እኔ ሀዲይኛ። የጋራችን አማርኛ ነው።

«ልጄ፣ አስወረድሽ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ስልኩን ለኤርምያስ ሰጠሁት።

እዚህ ጋ ትንሽ ላስተምር፣ ታገሡኝ። «አስወረደሽ» ሲባል፣ በ«ደ»፣ ፅንሱ ሳትፈልጊ ወረደ፣ ደረሰብሽ ማለት ነው። «አስወረድሽ» ሲባል፣ በ«ድ»፣ ያደረግሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። በ«ደ» ስሆን ተሳቢ ነኝ። በ«ድ» ስሆን ባለቤት ነኝ። የተማሪዎቼን «ድ» እና «ደ» ከክፍሉ ጥግ ሰምቼ የማርም ሴት፣ ያን ቀን አላረምኩም። ልክ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንዲህ አለፉ። ሰውነቴ ዳነ። ደሙ ቆመ፣ ጉልበቴ ተመለሰ፣ ክፍል ገባሁ። ልቤ ግን ዘወትር ዶዮገና ጓሮ ነበር፣ ሳንቃው ላይ። ለምን ተቀመጥኩ? ለምን እርጉዝ ነኝ አላልኩም? ለሙገሳ ብዬ ልጄን ሰጠሁ? ቆጮ ሲቀርብ እጄን እሰበስብ ነበር። ኤርምያስ «እናቴ ጠይቃሻለች፣ እንሂድ» ሲለኝ የማርመው ፈተና አለ እላለሁ፤ ፈተና ሲጠፋ እፈትናለሁ። ተማሪዎቼ ያን ሴሚስተር የተፈተኑት ፈተና ብዛት እስከ ዛሬ ያስወራቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ያገኘችኝ እህት ደግሞ ልታጽናናኝ ብላ፣ «ምናልባት ከባድ ነገር አንስተሽ ይሆናል፤ ለሌላው ጊዜ ትጠነቀቂያለሽ» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ፍርድ አድርጌ ወሰድኩት።

ያ ቋጠሮ መፈታት የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤትንና ተሳቢን እየከለስን ሳለ ትዕግሥት የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ‹ራበኝ› ሲባል ባለቤቱ ማነው?»

«ምሳ ያልቋጠረችላት እናቷ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ጥያቄው ጥሩ ስለነበር ደስ አለኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ራበኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ። «ግሡ ‹እሱ› የሚል ምልክት አለው» አልኳቸው። «‹እሱ› ማነው ብላችሁ ብትፈልጉ ግን አታገኙትም። ያስራበኝ፣ ያሳመመኝ ሰው የለም። ተሳቢው አለ፣ የራበው፣ የታመመው። ባለቤቱን መፈለግ ድካም ነው።»

ቀጥሎ እጄ ሌላ ቃል መጻፍ ጀመረ። «አስ» ላይ ቆመ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ለሰባተኛ ክፍል ያስረዳሁትን ለራሴ አላስረዳሁም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወደ ዶክተሯ ተመለስኩ። ኤርምያስ አብሮኝ ሄደ፣ ውጭ ጠበቀኝ። በዚህኛው ጊዜ ጥያቄዬን አንድ በአንድ ደረደርኩላት፦ እንሰቱን፣ ሞተሩን፣ የዶዮገናን መንገድ፣ ቀኑን ሙሉ ማጎንበሴን፣ ለሰው አለመናገሬን።

«ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ ነው የከረምሽው?» አለችኝ። ከዚያም ወንበሯን አስጠጋች። «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨነግፍ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲፈጠር የክሮሞዞም ስህተት ያለበት ነው። ሲጀመር ነው የተበላሸው፤ የእናትየው ሥራ አያመጣውም፣ ዕረፍቷም አያድነውም። የአንቺን ደግሞ ለክቼዋለሁ። ከወር አበባሽ ቆጠራ በጣም ያነሰ ነበር። እንሰቱን በፋቅሽበት ቀን ማደግ አቁሞ ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምክንያቱን በትክክል ለማወቅ ሌላ ምርመራ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ የለኝም። አንቺ እንዳላደረግሽው ግን እርግጠኛ ነኝ።»

ወጥቼ ለኤርምያስ ነገርኩት። «ሞተሩም አይደለም አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሞተሩም።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፅንሱ ከወረደ ወዲህ ሞተሩ ሸራ ለብሶ በረንዳ ላይ የቆመው፣ እሱም በእግሩ ቢሮ የሚመላለሰው ቤንዚን ተወዶ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም የራሱን ሳንቃ ተሸክሞ ነበር። ለእኔ እንዳይከብደኝ ብሎ ዝም አለ፤ እኔም ለእሱ እንዳይከብደው ብዬ ዝም አልኩ። መዋደዳችንን አልጠራጠርም፤ ዝምታችን ግን አንዳችንንም አልረዳም።

በዚያው ሰሞን አማቴ ሳይደውሉ መጡ። እኔ መሄድ ባቆም እሳቸው መጡ። በኮባ የተጠቀለለ ቡላ ይዘው ነበር። ቡላ በእኛ አገር ለወለደች ሴት ይሠራል፤ ስለዚህ ሳየው ተሳቀቅሁ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልወለድኩም» አልኳቸው።

«ደም ፈሶሻል። ቡላ ለፈሰሰ ደም ነው። ዘግይቼ ነው እንጂ ያኔ ነበር ማምጣት። ብዪ።» ገንፎውን ራሳቸው ሠርተው፣ ቅቤውን አብዝተው አቀረቡልኝ። ሁለት ጊዜ ከጎረስኩ በኋላ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛ። እርጉዝ መሆንሽን ሳላይ ሳንቃ ላይ አስቀመጥኩሽ። ጎረቤት እንዲያይልኝ ብዬ፣ በአንቺ ልኮራ ብዬ። ለዚህ ነው የተቀየምሽኝ፣ ለዚህ ነው የቀረሽው።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «እኔ መች ተቀየምኩ? እርስዎ አይደሉ እንዴ በስልክ ‹አስወረድሽ› ያሉኝ?»

«ታዲያ ምን ልበል? አስወርዶሽ የለ?»

«እሱማ ‹አስወረደሽ› ነው፣ እማዬ። በ‹ደ›። ‹አስወረድሽ› ካሉ ሆን ብለሽ አደረግሽው ማለት ነው።»

አማቴ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ቃሉን በሹክሹክታ ደጋገሙት፤ አንዴ በዚያኛው፣ አንዴ በዚህኛው። «እኔ? ለአንቺ? እንዲህ ብዬ?» ከዚያ ተቆጡ። «ይሄ አማርኛ! በከምባትኛ ጠይቄሽ ቢሆን ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?»

«ከምባትኛ አልሰማም እኮ።»

«እኔስ ሀዲይኛሽን መች ሰማሁ! በሰው ቋንቋ ልንጣላ!»

ዶክተሯ ያለችኝን አስረዳኋቸው። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ስለዚህ ምሳሌም ጨመርኩ፦ ከአንድ እንሰት ጉቶ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፣ ሁሉም ግን አያድግም።

«ልጅ እንሰት ነው እንዴ?» አሉኝ ፍጥጥ ብለው።

አጠገባችን የተቀመጠው ኤርምያስ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እኔ። ከዚያ እሳቸው፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ያን ቀን ገባኝ። የነበረው አንድ ግሥ ነው፤ ሦስታችን በየጓዳችን ባለቤቱ ልንሆን ተሻምተናል። ግሡ ግን ባለቤት አልነበረውም።

ይህን የምታነቢ፣ አሁን በዚያ ውስጥ ያለሽ እህቴ፣ የምመክርሽ ጥቂት ነው። ደም ስታዪ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ፤ ብዙ ከደማሽ፣ ካዞረሽ፣ ካተኮሰሽ ለነገ አትበዪ። ከሐኪምሽ ፊት ጥያቄ ከጠፋብሽ ሌላ ቀን ተመለሺ፤ እኔ ወራት ዘግይቼ ተመልሻለሁ፣ አልተሳቀብኝም። በልብሽ የደበቅሽውን «እኔ ነኝ» አውጥተሽ ጠይቂ። ባልሽንም ጠይቂው፤ እሱም የራሱ ሊኖረው ይችላል። ሐዘኑ ቶሎ ካልወጣ አትደንግጪ፣ የእኔም አልፎ አልፎ ይመጣል። እንቅልፍና ምግብ ከነሣሽ፣ መኖር ካስጠላሽ ግን ይህም ሕክምና አለው፤ ተናገሪ። ለዘመድ ደግሞ፦ «ምን አንስተሽ ነው?» አትበሏት። ቡላ ውሰዱላት።

ዶክተሯን፣ ባሌን፣ ጥያቄዋ ምን እንዳደረገ የማታውቀውን ትዕግሥትን አመሰግናለሁ። አማቴን ያመሰገንኩት ግን ዶዮገና ሄጄ ነው። ኤርምያስ ሸራውን ገፎ በሞተሩ ወሰደኝ። እንሰት የሚፋቅበት ቀን ነበር፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሳንቃው ላይ ተቀመጥኩ። ከጎረቤቶቹ አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በከምባትኛ፣ በኋላ እንደተረጎሙልኝ፣ «ምራትሽ የጠፋችው ምን ሆና ነው?» ብላ አማቴን ጠየቀቻቸው።

አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። በከምባትኛ መመለስ ይችሉ ነበር፤ እኔ እንድሰማ በአማርኛ መለሱ።

«አስወረዳት» አሉ። «ት»ዋን ረገጥ አድርገው። «አስወረደች» አላሉም።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፣ ልክ ተማሪዎቼ መልስ ሰጥተው እንደሚያዩኝ። እንሰት በተለወሰ እጄ አየሩ ላይ ትልቅ የራይት ምልክት አደረግሁላቸው።

«አያችሁ?» አሉ ለጎረቤቶቻቸው። «የእኔ ምራት ናት።»