ቁጥር ሃያ አራት ሞታለች

ፀዳለን በስሟ ብትጠሯት ቶሎ «አቤት» አትልም። መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞር ትላለች። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረዋት የሚሠሩት ጆሮዋ የደከመ ይመስላቸዋል። ጆሮዋስ ደኅና ነው። ጉዱ ወዲህ ነው፤ ፀዳለ እሷ አይደለችም። ፀዳለ ታላቅ እህቷ ነበረች፤ ከሞተች ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው።

የእሷ ስም ስሂን ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ሁለቱ እህትማማቾች ተያይዘው ሱዳን ገቡና ገዳሪፍ አጠገብ ካምፕ ተቀመጡ። የአሜሪካው ፕሮሰስ ያለቀው ለፀዳለ ብቻ ነበር። በረራው ሳምንት ሲቀረው ወባ ጣላት፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች፤ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ! ጎረቤቶች ተሰብስበው መከሩ። «የሞተችውስ ሞተች፤ ቢያንስ አንዷ ትውጣ» አሉ። የካምፑ መዝገብ ላይ «ስሂን ሞተች» ተብሎ ተጻፈ፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ስሂን ደግሞ የእህቷን ፋይል ይዛ አውሮፕላን ተሳፈረች። እህትማማች ይመሳሰላል፣ ፎቶውን ማን አስተውሎ ያያል?

አልቅሳ እንኳ አልቀበረቻትም። ማንን ብላ ታልቅስ? «ፀዳለ» ብትል ይሰማባታል። ቄስ የለ፣ ፍታት የለ፣ አርባ የለ፣ ተዝካር የለ። በቃ፣ አሸዋ አለበሷት።

ዛሬ ስሂን የምትኖረው እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ጧት ጧት ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ እየረገመች ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የምርምር ቤት ትመጣለች። ሥራዋ ከእንግሊዝ አገር የመጡ የውሃ አይጦችን መጠበቅ ነው። አይጥ ስላችሁ ያቺን ጓዳ ለጓዳ የምትሮጠውን እንዳታስቡ። የውሃ አይጥ ድብልብል ያለች፣ አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለ፣ ጆሮዋ ፀጉሯ ውስጥ የተቀበረ፣ ጅራቷን ሳንቆጥር አንድ ስንዝር የምትሞላ ፍጥረት ናት። ጅራቷ የሰውነቷን ግማሽ አለፍ ይላል። ያደገችቱ ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ ግራም ትመዝናለች፤ ሆዳሟ ከዚያም ታልፋለች።

ሐሙስ ሐሙስ ይመዘናሉ። በእጅ አይያዙም፣ ጥርሳቸው ክፉ ነው። ስሂን ረጅሙን የድንች ቺፕስ ቆርቆሮ አፉን ከፍታ ታስጠጋለች፤ አይጧ ጉድጓዷ መስሏት ዘው ትላለች። ከነቆርቆሮው ተመዝና የቆርቆሮው ይቀነሳል። ከዚያ ስሂን በአፉ በኩል የቀረውን ጅራትና የኋላ እግር ትለካና ካርድ ላይ ትጽፋለች። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ እጇ አይሳሳትም።

የውሃ አይጥ ዕድሜ አጭር ነው። ዱር ካሉት ብዙዎቹ በወራት ያልቃሉ፤ ሁለተኛ ዊንተር የሚያዩት ጥቂት ናቸው። ቤት ውስጥ በእንክብካቤ ሲያዙ ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ ቢበዛ አምስት። ለዚህ ነው የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር ሜሪ ባለፈው ሐሙስ አንድ ካርድ ይዛ እየሮጠች የመጣችው።

«ፀዳለ! ቁጥር ሃያ አራት እኮ በሚቀጥለው ወር አምስት ዓመት ልትደፍን ነው! ሦስት መቶ አሥር ግራም፣ ፀጉሯም የወጣት! ለኮንፈረንሱ ላቀርባት ነው። የያዝሻት አንቺ ስለሆንሽ፣ ያቺው መሆኗን ፈርሚልኝ።»

ስሂን ካርዱን ተቀበለች። ምን እንደሚል ሳታየውም ታውቃለች። አራት ዓመት ሙሉ የሃያ አራት የኋላ እግር ሠላሳ አራት ሚሊ ነበር። ባለፈው መጋቢት፣ እሷ ቫኬሽን በወጣችበት ሳምንት፣ ሠላሳ አንድ ሆነ። ክብደት ይጨምራል ይቀንሳል፣ ጅራትም ሲጣሉ ይነከሳል፤ ያደገ አጥንት ግን አያጥርም። ያኔ በእሷ ቦታ የሠራው ሰው፣ በእኔ ሺፍት ሞተች እንዳይባል ብሎ፣ የሟቿን የቁጥር ታግ ከጆሮዋ ነቅሎ ገና ቁጥር ያልወጣላት ወጣት ጆሮ ላይ ሰክቶታል። ስሂን ከቫኬሽን ተመልሳ በለካቻት በመጀመሪያው ሐሙስ አውቃለች። አውቃ ዝም ብላለች። እንዲህ ያለውን ሥራ ለማጋለጥ እሷ ማን ናት?

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ኤፍራታ ናት።

«ማሚ፣ ፎልስ ቸርች ያለውን አዳራሽ ለልደትሽ ለቅዳሜ ያዝኩት! ኬኩ ላይ ‹ሃፒ ሲክስቲዝ ፀዳለ› ብለው ይጻፉ?»

«በኋላ ኮል አደርግሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ።»

ስሂን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ኤፍራታ አታውቅም። ስልሳ ሊሞላት የነበረው አሸዋ ውስጥ ያለችው ናት።

ክፍሉ ጭር አለ። ያኔ መጣ፤ ያ ሠላሳ ሰባት ዓመት የምትሰማው ትንፋሽ፣ በወባ የሚንቀጠቀጠው የእህቷ ትንፋሽ፣ ልክ ከጀርባዋ። መኪና ውስጥ ይመጣል፣ ሊፍት ውስጥ ይመጣል። ሁልጊዜ ሬዲዮ ከፍታ፣ ስልክ ደውላ ታመልጠዋለች። ያን ቀን ግን ሰለቻት። መሸሽ ሰለቻት።

«አልፈርምም ሜሪ» አለች። «ይቺ ሃያ አራት አይደለችም። ሃያ አራት ሞታለች። እግሯን እይው።»

ሜሪ ካርዱን ደጋግማ ቼክ አደረገች። ፊቷ ጠቆረ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለችና በቀይ እስክሪብቶ «ሞታለች፣ መጋቢት» ብላ ጻፈች። ለአንዲት አይጥ! ስሂን ያን ቃል እያየች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እህቴ ይቺን እንኳ አላገኘችም፣ የከለከልኳት ደግሞ እኔ ነኝ አለች በሆዷ።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ የነዳችው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። የንስሐ አባቷን ቀሲስ ዓብዩን በር ላይ አገኘቻቸው።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ፊትሽ?»

«ፍታት እንዲደረግልኝ ነው። ተዝካርም አወጣለሁ።»

«ለማን ነው ልጄ?»

«ለወለተ ሥላሴ።»

ቄሱ ሳቅ አሉ። በዚህ ስም ስንት ዘመን ያቆረቧት እሷን ነው። «የቁም ተዝካር አማረሽ? ኧረ ገና ነሽ! እሱን ስታረጂ ታወጪዋለሽ።»

«የእኔ አይደለም አባቴ። የእህቴ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። ካምፑን፣ ፋይሉን፣ መዝገቡን። አሜሪካ የገባች ሰሞን ለቤተ ክርስቲያን ስትመዘገብ የክርስትና ስሟን ቢጠይቋት የእህቷን ሰጠች። ደግ የሠራች መስሏት ነበር፤ ቢያንስ ስሟ በቅዳሴ ይነሣላት ብላ። ስሙ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ሲነሣ የኖረው ከሕያዋን ጋር ነው። ፀዳለ አንድ ቀን እንኳ «ነፍስ ይማር» አልተባለላትም።

«አላሳረፍኳትም አባቴ! ከኋላዬ መጥታ ብትቆም ምን ይገርማል? የአሜሪካ ፔፐሬን ከፈለጉ ይውሰዱት፣ እሷ ብቻ ትፈታ።»

«የፔፐሩን ጠበቃ ያውቀዋል» አሉ ቀሲስ ዓብዩ። «ፍታቱን ግን ቅዳሜ ጧት እናደርሳለን። ኤፍራታንም ነግረሻት ይዘሻት ነይ።» ደብተራቸውን አውጥተው ወለተ ሥላሴን ከሕያዋኑ ዝርዝር ሰረዙና ከሙታኑ ገጽ ጻፏት። ስሂን አዳመጠች። ትንፋሹ የለም። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ጀርባዋ ባዶ ሆነ።

«እንግዲህ አንቺን ደግሞ በስምሽ ልጻፍሽ» አሉ ቄሱ፣ እስክሪብቷቸው ሕያዋኑ ገጽ ላይ እንደቆመ። «የራስሽ የክርስትና ስም ማን ነው?»

ስሂን አፏን ከፈተች። «ወለተ…» አለች። ወለተ ማን? በልጅነቷ እናቷ ስትጠራት ሰምታዋለች። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ወዲህ ግን ማንም አልጠራትም። ብታስብ ብታስብ የሚመጣላት ወለተ ሥላሴ ብቻ ነው።

«አላውቀውም አባቴ» አለች። «የምታውቀው እህቴ ነበረች።»