የጃርት ጆንያ

ጥቅምት ነበር። በእኛ በኩል ዝናቡ ጨርሶ አይሄድም፤ ግን ጉሙ ከጫካው ቶሎ ቶሎ መነሳት ሲጀምርና ጭቃው ዱካ ይዞ መዋል ሲችል የአደን ወቅት ገባ እንላለን። ከዋጫ በላይ ካለችው መንደራችን ሦስት ሆነን ወጣን። ጋሽ ኃይሌ በዕድሜ ትልቃችን ናቸው፤ ጦራቸውን ለማንም አያስይዙም። ተካልኝ ቦንጋ ባጃጅ ሲጠግን የቆየ ጓደኛዬ ነው፤ እጁ ሥራ ሲፈታ አይቼው አላውቅም። እኔ ዱካ አይቼ እመራለሁ። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ጭቃ ላይ እያጎነበስኩ ነው የለመድኩት።

የጠሩን እትዬ አስካለ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ የሚኖረው በጓሮው እንሰት ነው። እንሰት ደግሞ እንደ በቆሎ አይደለም፤ ዘንድሮ የጠፋው ለከርሞ አይተካም፤ ዓመታት መጠበቅ አለ። በጫካው ወገን ያለው ረድፍ ሥሩ ተበልቶ ተጋድሟል።

«ጨረሰኝ እኮ» አሉን። «እሱ ከዚያ ጉድጓድ ነው የሚወጣው። የቀረውንም ከበላ ልጆቼን ይዤ እህቴ ዘንድ መሄዴ ነው።»

«እሱ» ያሉት ማንን እንደሆነ አልጠየቅንም። ጋሽ ኃይሌ ያለፈው ዓመት የራሳቸውን እንሰት ጃርት በልቶባቸው ስለነበር ወዲያው «ጃርት ነው» አሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይም የጃርት እሾህ ወድቆ አገኘን። እሾኹ ጫፉ ተሰባብሮ፣ ጭቃ ለብሶ አርጅቷል። ጃርት እዚያ ኖሮ እንደነበር ይናገራል፤ አሁን ስለመኖሩ ግን የሚለው ነገር የለም። ለእኛ በቂ ሆኖ ታየን።

ከዚያ በኋላ የቀረው «በምን እንያዘው?» ብቻ ነበር። ተካልኝ የጆንያውን አፍ በሽቦ ክብ አድርጎ ወጥሮ፣ ዙሪያውን የሲባጎ ገመድ አሳለፈበት። ሲጎትቱት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያማረ ሥራ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ እኮ ሰው ይሳፈርበታል» ብለው ሳቁ ጋሽ ኃይሌ።

«ሂሳቡን ከከፈለ ጃርቱንም አሳፍራለሁ፣ ጋሼ።»

ጃርት ሌሊት ሲዞር አድሮ ንጋት ላይ ስለሚገባ በማለዳ ሄድን። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ የቡናው ቅጠል ያንጠባጥባል። ጉድጓዱ ሁለት አፍ አለው። ጋሽ ኃይሌ በላይኛው አፍ እርጥብ ቅጠልና ሚጥሚጣ ማጨስ ጀመሩ። ተካልኝ በታችኛው አፍ ተንበርክኮ ጆንያውን ደገነ፤ እንዳያመልጠው የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ ጠመጠመው። እኔ በቀኙ ገጀራ ይዤ ቆምኩ።

ጭሱ ሲገባ ከውስጥ ማንኮራፋት ሰማሁ። ጃርት እሾኹን ያንኳኳል እንጂ እንደዚያ አያንኮራፋም። «ተካልኝ፣ ልቀቀው!» አልኩ። አፌን ሳልዘጋ ወጣ።

ከርከሮ ነው። ጭንቅላቱ ጆንያው ውስጥ ተሰነቀረ፤ ገመዱ ጠበቀ፤ ተካልኝን በሆዱ አስተኝቶ ቁልቁል ይጎትተው ጀመር። ገመዱ አንድ የቡና ግንድ ላይ ሲይዘው ከርከሮው ዞረ። ዓይኑ ተሸፍኗልና በጭፍኑ ራሱን ወደ ላይ ወረወረ፤ ክራንቻው ጆንያውንም የተካልኝንም ግራ ጭን አብሮ ቀደደ። ደሙ ቅጠሉ ላይ ሲረጭ አየሁ። ሮጬ ገመዱን መታሁ፤ የመጀመሪያው ምት ነጠረ፤ በሁለተኛው ተበጠሰ።

ከርከሮው ራሱን ሲያራግፍ ጆንያው ተተረተረ። በቀዳዳው አንድ ዓይን አየኝ። በመካከላችን ያለው ርቀት ከጦር ዘንግ አይበልጥም። የመጣው ወደ እኔ ነው። ወደ ጎን ስወድቅ ጠረኑና ሚጥሚጣው አፍንጫዬን ሞላው፤ ትከሻው እግሬን ገጭቶ አለፈ። ጋሽ ኃይሌ ጦራቸውን ይዘው እየጮኹ ሲወርዱ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ጫካው ውስጥ ገብቶ ነበር።

የተካልኝን ጭን በጋሽ ኃይሌ ጋቢ ጠፍረን፣ በቃሬዛ መንገድ አድርሰን፣ በባጃጅ ዋጫ ጤና ጣቢያ አስገባነው። ቁስሉ ሲሰፋ ተካልኝ ጥርሱን ነክሶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሁለተኛውን ከብረት ነው የምሠራው።»

እኔ ግን ተመልሼ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ እሱ ያሉን ማንን ነው?»

«ስሙን ጓሮዬ ላይ አልጠራም! የተጠራ ይመጣል።»

«ይሁን፣ ስሙን ይተዉት። መቼ ነው የሚመጣው?»

«ገበያ ስሄድ ነዋ! ቀትር ላይ። አንድ ቀን መሐረቤን ረስቼ ብመለስ ፊተኛ እግሩን አጥፎ፣ እንደሚጸልይ ሰው ተንበርክኮ ሲበላ አገኘሁት።»

ጃርት በቀትር አይመጣም። ተንበርክኮ የሚበላው ከርከሮ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

 እዚያው እንደቆምኩ ሥራው ሌላ ሆነብኝ። ጥያቄው ጉድጓድ ውስጥ ያለውን በምን እንያዘው የሚል አልነበረም፤ እትዬ አስካለ ገበያ ሲውሉ ጓሮው ላይ ማን ይዋል የሚል ነው። በዚያኛው ጥያቄ የሚገርም ጆንያ ሠርተን ሰው ልናስገድል ነበር። በዚህኛው የጋሽ ኃይሌን ውሻ በገበያ ቀን በጫካው ወገን አሰርን። ከርከሮው መጣ፤ ውሻው ጮኸበት፤ ተመለሰ። ደጋግሞ ሞከረና ተወን። ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን ሳረጋግጥ በድንጋይ ሞላነው። እትዬ አስካለ ከልጆቻቸው ጋር ዛሬም እዚያው ቤት ናቸው፤ የተረፈው እንሰት ደርሶ ለቆጮ ፍቀውታል።

እንግዲህ እናንተ ጀማሪ አዳኞች፣ ነገ «አውሬ አስቸገረን» ወዳሉን ሰዎች አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ። ምን መሣሪያ እንደምንይዝ ዛሬ አትጠይቁኝ፤ አላውቅም። መጀመሪያ ያየውን ሰው አስቀምጠን ምን እንደበላ፣ ምን እንደተወ፣ ሲመጣ ፀሐይ የት እንደነበረች እንጠይቃለን። እየጠየቅን ሳለ ብልሃት የመጣለት ካለ ብልሃቱን ለጊዜው ዋጥ ያድርገው። ተካልኝም አብሮን ይመጣል። ቁልቁለቱ ላይ ከፊት አስቀድሙት፤ ግራ እግሩ ይጎተታል፤ በእሱ ልክ ነው የምንራመደው።